ግማሽ መንገድ ላይ የቆመው ዘንግ

ኑንዚዮ ሞተው የተገኙት ሐሙስ ከቀትር በኋላ ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ላይ፣ ወጥ ቤታቸው ውስጥ፣ መስኮቱ ሥር ባለችው ወንበር ላይ ነው። ጭንቅላታቸውን ግድግዳው ላይ ደገፍ አድርገው፣ ሙቀት አድክሞት ያሸለበ ሰው ይመስሉ ነበር። የዚያን ቀን ኮበርግ ሰፈር ውስጥ ሙቀቱ አርባ ደርሶ ነበርና አምቡላንስ ይዘው የመጡትም «ሙቀቱ ነው» ብለው ወሰዷቸው።

ሐኪም ቤት ያንን እስከ ደረት የሚወርድ ነጭ ጢማቸውን ሲላጩት ግን አገጫቸው ሥር ጡጫ የሚያህል ሰማያዊ ሰንበር ተገኘ። ከማጅራታቸው በላይም ትንሽ እብጠት ነበር። ሰውየው ለልባቸው ብለው ደም የሚያቀጥን ኪኒን ይወስዱ ነበርና ጭንቅላታቸው ውስጥ ቀስ እያለ የፈሰሰው ደም ገድሏቸዋል። ምቱ መቼ እንዳረፈ ሐኪሙ ቁርጡን አልተናገረም። የሞቱ ቀን ነው፤ ከሞታቸው አንድ ሰዓት በፊትም ሊሆን ይችላል፣ ሰባት ሰዓት በፊትም።

የፖሊስ አለቃው ግን ቆርጧል። «ወንድ ልጃቸው ነው። አብሮ ይኖራል፣ ከዚህ በፊት መጠጥ ቤት ውስጥ ሰው ደብድቦ ተቀጥቷል፣ የዚያን ቀን ቀትር ላይ ሲጮህ ጎረቤት ሰምቶታል። ዛሬ ይታሰር።»

«እስከ ማታ ታገሠኝ» አለች መርማሪ ሳጅን ዴስፒና።

ዴስፒና አምሳ ሁለት ዓመቷ ነው። ቁመቷ አጭር፣ ዝምታዋ ረጅም። ቡና አትጠጣም፤ ሻይ ነው የምትወደው። በዚያ ሰፈር ይህ በራሱ የሚያስጠረጥር ጠባይ ነውና ባልደረቦቿ ሁሌ ያሾፉባታል።

ቅዳሜ ጠዋት መጀመሪያ የሄደችው ወደ አጥሩ ማዶ፣ ወደ ሽማግሌው ቶዶር ነው።

«ጠቡን ሰምተዋል አሉ።»

«ሰማሁ እንጂ! ስድስት ሰዓት ላይ ነው። ልጁ ‘ወይ እሷ ወይ እኔ!’ ብሎ ጮኸ። በሩን ሲወረውረው ሎሚዬ ረገፈ።»

«ሎሚው የእርስዎ ነው?»

«ግንዱ የእሱ ነው፣ ቅርንጫፉ ግን ወደኔ ነው ያዘነበለው። በዚህ ሠላሳ ዓመት ተጣልተናል።» ሽማግሌው አፍንጫቸውን በመዳፋቸው ጠረጉ። «እስቲ ንገሪኝ ልጄ፣ አሁን ከማን ጋር ልጣላ?»

ዴስፒና ማስታወሻዋን ገለጠች። «‘እሷ’ ማን ናት?» አለች።

«የቡና ማሽኗ ትሆናለቻ! ሚስቱ ከሞተች ወዲህ ሌላ ፍቅር አላየሁበትም። ብረት ለቃሚ ዘንድ ወድቃ አግኝቷት ሁለት ዓመት ሙሉ ብሎን በብሎን ጠገናት። ጎማ ይቀይርላታል፣ ቅባት ይቀባላታል... እኔን አንድ ቀን ጀርባዬን አላሸኝም!»

«ሐሙስ ጠዋትስ አይተዋቸዋል?»

«አንድ ሰዓት ላይ ሱቅ ውስጥ አገኘሁት። ወተት ሲገዛ። ወተት! ከጥቁር ቡና ሌላ የማይጠጣ ሰው። ‘ምነው?’ ስለው ‘ለድመቴ ነው’ አለኝ።»

«ድመት አላቸው እንዴ?»

«የታለና።»

ልጁ ሲልቫኖ በሩን ሲከፍትላት እንቅልፍ ካየ ሁለት ቀን እንደሆነው ያስታውቅ ነበር። አርባ አራት ዓመቱ ነው፤ ልሳን ያጣ የሚመስል፣ ጭንቅላቱ ጉበኑን ሊነካ ምንም የማይቀረው ልሰና ሠራተኛ።

«ልታስሪኝ ከመጣሽ እሰሪኝ» አለ። «ማሽኑን ግን አትንኪው፣ ትኩስ ነው።»

«እስካሁን አላጠፋችሁትም?»

«እሱ ነበር የሚያጠፋው።»

ማሽኑ መደርደሪያው ላይ ቆሟል፤ መስታወት መስሎ የተወለወለ፣ ከፊቱ አንድ ረጅም ዘንግ የቆመለት። ዴስፒና እንዴት እንደሚሠራ ጠየቀችው። ሲልቫኖ ስለ አባቱ ከመናገር ስለ ማሽኑ መናገር ሳይቀለው አልቀረም፣ ምላሱ ተፈታ።

«ቡናውን እዚህች እጀታ ያላት ጽዋ ውስጥ ትጠቀጥቂና ከሥሩ ትቆልፊያታለሽ። ከዚያ ዘንጉን ወደ ታች መሳብ ነው። ውስጡ ወፍራም ሞላ አለ፣ ሲሳብ ይታመቃል። ስትለቂው ሞላው ዘንጉን ቀስ እያለ ወደ ላይ እየመለሰ ውሃውን በቡናው ውስጥ ይገፋዋል።»

«ቡናው በጣም ከላመስ?»

«ውሃው አያልፍም። ዘንጉ ግማሽ መንገድ ላይ ቀጥ ይላል። ያን ጊዜ እጅን ሰብስቦ መጠበቅ ነው፣ ግማሽ ሰዓትም ቢፈጅ። እጀታዋን ከፈታሻት ሞላው የሚይዘው ያጣል። ዘንጉ እንደ በቅሎ ይራገጣል፣ ትኩስ አተላው ደግሞ ፊትሽ ላይ ይፈነዳል። አባባ ይህን ለፖስተኛው ሳይቀር አስተምሯል።»

«ጽዳቱስ?»

«ረቡዕ ማታ ማታ። እሱ ማሽኑንና መፍጫውን ይፈታል፣ ያጥባል። እኔ ረጅም ስለሆንኩ የላይ የላዩን እወለውላለሁ፤ ቁምሳጥኑን፣ ሰዓቱን።»

«በዚህ ረቡዕም?»

«በዚህ ረቡዕም።»

ዴስፒና ማቀዝቀዣውን ከፈተች። የወተቱ ካርቶን ተከፍቷል፤ ከውስጡ የጎደለው አንድ ስኒ ቢሆን ነው።

«ወተት የሚጠጣው ማነው?»

ሲልቫኖ ወለሉን አየ። «ማንም።»

«ቀትር ላይ ያጣላችሁስ?»

«ሙቀት» አለ፣ የጓሮውን በር እየከፈተ።

እሱ ወደ ጓሮ ሲወጣ ዴስፒና ወንበር ስባ ወጣችበት። ግድግዳው፣ መደርደሪያው፣ የቁምሳጥኑ በር ፏ ብለዋል፤ ግን እስከ አንድ ልክ ድረስ ብቻ። ከዚያ በላይ፣ በግድግዳው ሰዓት ግንባርና በመጋረጃው ዘንግ ላይ፣ ጥቁር ነጠብጣብ ተረጭቶ ደርቋል። በጥፍሯ ፋቅ አድርጋ በጣቶቿ መሃል አሸችው። ቡና ነው፤ እንደ ዱቄት የላመ። ከመፍጫው አጠገብም አዲስ የተቀደደ፣ ገና ብዙም ያልጎደለ የቡና ከረጢት ተቀምጧል።

የኑንዚዮ ሴት ልጅ፣ የሲልቫኖ እህት ፊዮሬንዛ ቡና ቤቷ ትራሙ የሚያልፍበት ዋናው መንገድ ላይ ነው። ሠላሳ ዘጠኝ ዓመቷ ነው፤ ሰባት ሰው ተሰልፎባት ለሰባቱም ስማቸውን ጠርታ የምታስቅ ዓይነት ሴት። ያን ቀን ግን ሳቋ ከአፏ አልፎ ዓይኗ አልደረሰም። ዴስፒና ሻይ አዝዛ፣ ሻይ በማዘዟ ተገላምጣ፣ የሴቲቱን እጆች ስትመለከት ቆየች። ማሽኑ ባለ ቁልፍ ነው። ፊዮሬንዛ ቁልፉን ትጫናለች፤ የመጨረሻዋ ጠብታ ሳትወርድ ግራ እጇ እጀታውን ፈትቶ አተላውን ይደፋል። ዓይኗ ሰው ላይ ነው፤ እጇ በራሱ ነው የሚሠራው።

«የገደለው ወንድሜ ነው» አለች፣ ዴስፒና ስታናግራት። «እጁን አያውቁትም። እናታችን ስትሞት ይህን ቡና ቤት በመክፈት ተወጥሬ ስላልደረስኩላት፣ ስድስት ዓመት ሙሉ ደጃፍ አላስረገጠኝም።»

«አባትሽን መጨረሻ ያየሻቸው መቼ ነው?»

«በእናቴ ቀብር» አለች፤ ጥያቄው ሳያልቅ።

«እጅሽን ምን ነካው?»

ፊዮሬንዛ እጅጌዋን ጎተተች። «እንፋሎት ነው። የኛ ሥራ እንዲህ ነው።»

ዴስፒና ግን አይታዋለች። እንፋሎት አንድ ቦታ ላይ ሰፊ አድርጎ ይልጣል። የፊዮሬንዛ ቃጠሎ ከክንዷ እስከ አንጓዋ የተበተነ፣ እንደ ኩፍኝ ነጠብጣብ ያለ ነው።

ዴስፒና መኪናዋ ውስጥ ገብታ ሞተሩን ሳታስነሳ ቆየች። ዝም ብትል ልጁ ባልሠራው ወንጀል ይታሰራል። ብትናገር ደግሞ፣ ይህች ሴት ከዛሬ ጀምሮ የገዛ እጇን እያየች እንዴት ትኖራለች? ሃያ ስድስት ዓመት ስትመረምር፣ ያገኘችውን መልስ እንዲህ የጠላችበት ቀን ትዝ አይላትም።

አሥር ሰዓት ላይ ሦስቱንም ወጥ ቤቱ ውስጥ ሰበሰበቻቸው። ወንድምና እህት የጠረጴዛውን ሁለት ጫፍ ያዙ። ቶዶር መሃል ተቀመጡና ግራ ቀኙን እያዩ «ቀብር ላይ እንኳ ከዚህ ይሻላል» አሉ። የሳቀላቸው የለም።

«ኑንዚዮን ሰው አልመታቸውም» አለች ዴስፒና። «የመታቸው ይሄ ዘንግ ነው።»

ሲልቫኖ ቀና አለ። «አይሆንም። አባባ ሲጣበቅ እጀታውን አይፈታም።»

«አዎ፣ አይፈቱም። አንተም አትፈታም፣ ቶዶርም አይፈቱም። ማሽን አይቶ የማያውቅ ሰውም ፈርቶ አይነካውም። የሚፈታው ቡና የሚያውቅ፣ ይህን ማሽን ግን የማያውቅ ነው። ሥራው ባለ ቁልፍ ማሽን ላይ የሆነ፣ እጁ ሳያስበው የሚዞር ሰው።»

ፊዮሬንዛ እጇን ከጠረጴዛው ላይ አነሳች።

«ወተቱ ለእንግዳ ነበር የተገዛው፤ ማኪያቶ ለምትወድ እንግዳ። አዲሱም ከረጢት ለእሷ ተቀደደ። መፍጫው ማታ ተፈትቶ ስለነበር የመጀመሪያው ቡና ከልክ በላይ ላመ። ሌላ ጊዜ ቢሆን የመጀመሪያውን ወደ መታጠቢያው ይደፉት ነበር። የዚያን ቀን ግን እንግዳዋ ወደ ሥራ ትቸኩላለች። ዘንጉ ግማሽ መንገድ ላይ ቆመ። ኑንዚዮ ለምን እንደቆመ ሊያዩ ጎንበስ አሉ። እሷም ልታግዛቸው እጀታውን ፈታች። ተሳሳትኩ፣ ፊዮሬንዛ?»

«ማንም እንዳይሰማ ብሎ አስምሎኝ ነበር» አለች ፊዮሬንዛ። «‘ለወንድምሽ ራሴ እስክነግረው’ ብሎ። ደውሎ የጠራኝ እሱ ነው። ሁለት ሰዓት ላይ መጣሁ። ግን... ግን ዘንጉ አልነካውም! ቡናው ዓይኔ ውስጥ ገብቶ ቧንቧው ሥር ነበርኩ። ‘አባዬ፣ መታህ?’ ብዬ ጮህኩ። ‘በጎኔ አለፈ፣ አንቺ እጅሽን ታጠቢ’ አለኝ። ይስቅ ነበር! ‘ባሪስታ ብለው የሚከፍሉሽ ለዚህ ነው?’ እያለ ይስቅብኝ ነበር። ደህና ነበር ስሄድ። ከዚያ በኋላ ነው እሱ...» ወደ ወንድሟ አመለከተች፤ ጣቷ ግን መሃል ላይ ቀረ።

«ጢማቸው ነው የደበቀብሽ» አለች ዴስፒና፣ በቀስታ። «አገጫቸውን ሲመታቸው ወደ ኋላ ሄደው ከቁምሳጥኑ ጋር ተጋጩ። ከዚያ አንቺን ሸኙና ቤቱን አጸዱ። ማን እንዳጸዳው ያወቅኩት እላይ ሰዓቱ ላይ ከቀረው ነው። ሲልቫኖ ቢሆን እጁ ይደርስ ነበር። ቤቱ የጸዳው እስከ ኑንዚዮ ክንድ ልክ ድረስ ብቻ ነው። ሐኪም ቤት ቢሄዱ ‘ማን ነበር አብሮዎት?’ ይባላሉ። ያንን ፈሩ። ከስድስት ዓመት በኋላ የመጣሽበት ቀን በዚህ እንዲታወስ አልፈለጉም።»

ቶዶር ባርኔጣቸውን አውልቀው ጉልበታቸው ላይ አኖሩ።

«ሐኪም ቤት ቢደርስ... ይተርፍ ነበር?» አለች ፊዮሬንዛ።

ዴስፒና መዋሸት ትችል ነበር። «ሊተርፉ ይችሉ ነበር» አለች። «መዝገቡ ላይ አደጋ ብዬ ነው የምጽፈው፤ ምክንያቱም አደጋ ነው። ማንም አይታሰርም።»

ፊዮሬንዛ ያንን የሰማች አይመስልም። ሁለት እጆቿን ጭኗ ላይ ዘርግታ፣ የሌላ ሰው ዕቃ አደራ የተሰጣት ይመስል ታያቸው ነበር።

«እኔን ገዳይ ብለሽኛል» አላት ሲልቫኖ እህቱን። ቁጣ አልነበረበትም።

«ብያለሁ። ይቅር በለኝ አልልህም።»

«አትበይ። የእኔን አልሰማሽም።» ተነስቶ መስኮቱ ሥር ያለችውን ወንበር ያዘ፤ ግን አልተቀመጠባትም። «ቀትር ላይ ስገባ ወተቱን አየሁት። ሳልጠይቀው ገባኝ። ወይ እሷ ወይ እኔ ብዬ ጮህኩበት።»

ፊዮሬንዛ ቀና አለች። «ለእኔ አላመመኝም ነው ያለኝ፣ ሲልቫኖ። ደጋግሜ ጠየቅኩት። አላመመኝም አለኝ።»

«ለእኔ ነግሮኛል» አለ ሲልቫኖ። «‘ራሴን አሞኛል፣ ጩኸቱን ተውና ትንሽ አጠገቤ ተቀመጥ’ አለኝ። በሩን ወርውሬበት ወጣሁ።»

ዴስፒና ቶዶርን በክንዳቸው ደግፋ አስነሳቻቸውና ሁለቱ በጓሮ በር ወጡ። ስትዞር፣ ሲልቫኖ ከእህቱ አጠገብ፣ ወለሉ ላይ ተቀምጦ ነበር።