የንቢቱ የጉንጭ ትራስ

ትንሿ የእሽቅድምድም መኪና ከጎማው አጥር ጋር ተላትማ አፍንጫዋ ብቻ ተጨርፏል፤ ስትነዳት የነበረችው የአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ ግን ሞታለች። ጓደኞቿ «ንቢቱ» ይሏት ነበር። መርማሪዋ አስከሬኑን አይታ ቀና ስትል ሦስት ወንዶች ጥላ ሥር ቆመው ይካሰሳሉ፤ አባት፣ አሠልጣኝና አጎት። ሬሳ ሳይነሳ ጣት መቀሳሰር የጀመረ ሰው አይጥማትም።

«እሱ ነው የገደላት» አለ አጎትየው ወደ አሠልጣኙ እየጠቆመ። የእናቷ ወንድም ነው፤ የሁሉም ልጆች የእሽቅድምድም ልብስና ሄልሜት የሚገዛው ከሱ ሱቅ ነው። «ሄልሜት በቤንዚን ይወለውላል። ይበላዋል ብዬ ስንቴ ነገርኩት፤ እሱን መምከር ውሃ በወንፊት ነው።»

አሠልጣኙ አላስተባበለም። «የፊቱን መስታወት ብቻ ነው» አለ ራሱን እያከከ። «ሳሙናና ውሃ ፍለጋ ማን ይዞራል?»

መርማሪዋ ሄልሜቱን ይዛ ብቻዋን ጋራዥ ገባች። የውጭ ቀለሙ እንደ አዲስ ያብለጨልጫል። የውስጡን ጨርቅ ፈልቅቃ ስታወጣው ግን፣ አናትን ከምት የሚጠብቀው ነጭ ፎም ሟሙቶ ሰርጉዷል። ጨርቁን አሸተተችው፤ ንጹሕ ነው። ሄልሜቱ እንዳይላላ ጉንጭን ግራና ቀኝ የሚይዙት የጉንጭ ትራሶች አዲስ ናቸው፤ ደግሞም ወፍራም። ሁሉንም ወደ ቦታው መልሳ አባትየውን አስጠራች።

«ሄልሜቱ ሰፋኝ ብላ ነበር?»

«ኧረ ዛሬስ ጉንጬን ያዘኝ አለች። አትለግሚ ብዬ መኪናዋ ውስጥ አስገባኋት። አምና ፊቷ ሞላ ያለ ስለነበር አማቼ ስሱን ትራስ አድርጎ ነው የሸጠልን።»

«ከማን ጋር ተጣልታ ነበር?»

አባትየው መሬት መሬት አየ። «ከአጎቷ ጋር። የአንድ ሕፃን ሄልሜት ፍቃ ከቀለሙ ሥር ስንጥቅ አገኘች። የተጋጨውን እየቀባ ይሸጣል፣ ለወላጆች ሁሉ እናገራለሁ አለች።»

«እርስዎስ?»

«የቤት ገመና አደባባይ አይወጣም አልኳት። በሽማግሌ እንዲያልቅ ብዬ ለሱም ነገርኩት።»

መርማሪዋ ትታው ወጣች። አጎትየውን የራሱ መኪና ላይ ተደግፎ አገኘችው።

«ሄልሜቱን መጨረሻ የነኩት መቼ ነው?»

«አምና ስሸጠው። ከዚያ ወዲህ ዓይኔም አላረፈበት።»

«ሰፍቷት ይሆን?»

«በዚያ ወፍራም ትራስ? ንቅንቅ አይልም፣ እህቴ።»

ወዲያው ሦስቱንም ጋራዥ ውስጥ ሰበሰበቻቸው።

«አሠልጣኝ፣ አንተ ሰነፍ ነህ፤ ገዳይ ግን አይደለህም። በውልወላህ የተበላሸ ቢሆን ቀድሞ የሚጎዳው ውጩ ነበር። ይኸው፣ ቀለሙ ደህና ነው። የሟሟው ውስጡ ነው። ጨርቁ ቤንዚን አልነካውም፤ ስለዚህ ጨርቁን አውጥቶ፣ ፎሙ ላይ አፍስሶ፣ ሲደርቅ መልሶ ያለበሰው ሰው አለ።»

«ማንም ሊያደርገው ይችላል» አለ አጎትየው።

«ይችላል። ግን ፎሙ ሲሰረጉድ ሄልሜቱ ይሰፋል፤ ልጅቷም ታውቃለች። ገዳዩ ይህንን አስቦ ስሱን ትራስ በወፍራም ለወጠው። እኔ ፎሙንም ትራሱንም ለማንም አላሳየሁም። አምና ስሱን ሸጠው፣ ከዚያ ወዲህ ሄልሜቱን ያላዩት እርስዎ፣ ወፍራም መሆኑን ከየት አወቁ?»

አሠልጣኙ ቀስ ብሎ፣ «ትናንት ጓንት አመጣሁ ብሎ እዚህ ብቻውን ቆይቷል» አለ።

«በአንዲት ለፍላፊ ልጅ ሱቄ ይዘጋ?» አለ አጎትየው በመጨረሻ። «ደግሞ እኔ ንጂ አላልኳትም።»

አባትየው ጎማ ላይ ተቀመጠ። «እኔ እኮ እንዲታረቁ ነበር...»

«ጠበበኝ ስትልዎት ጨርቁን ገልጠው ቢያዩ በሕይወት ነበረች» አለችው መርማሪዋ፤ ድምፅዋ ውስጥ ርኅራኄ አልነበረም።

ፖሊሶቹ አጎትየውን በካቴና አስረው ሲወስዱት አሠልጣኙ ጠጋ አለ። «ታዲያ የእሁዱ ውድድር አይቀርም አይደል? ወላጆቹ ተዘጋጅተዋል።»

«ልጆቹ ምን ያደርጋሉ ራሳቸው ላይ?»

በአገጩ ወደ መደርደሪያው ጠቆማት። ትንንሽ ሄልሜቶች ተደርድረው ያብለጨልጫሉ፤ ሁሉም ከዚያው ሱቅ የተገዙ ናቸው። መርማሪዋ ከኪሷ ቢላዋ አውጥታ የመጀመሪያውን ሄልሜት ቀለም መፋቅ ጀመረች።