የቀጄላ በርኖስ

ፖስታው በታጠፈ ሱሪ ውስጥ ሆኖ በስፌት መኪናው ላይ ተሻገረ።

«ሁሉም አለ?» አለ ወንዳፍራሽ።

«አለ፣ ጌታዬ» አለ ልብስ ሰፊው።

ወንዳፍራሽ የሱሪውን ስፌት የሚመረምር መስሎ ፖስታውን ገለጥ አደረገ። የቀጄላን ስምና የመንግሥት ማኅተም አየ። ማኅተም ካየ የሚበቃው የከተማ ሰው ነው፤ ደረሰኞቹ የየትኛው መሬት እንደሆኑ አላነበበም።

ልብስ ሰፊው ውብአየሁ ሱሉልታ ከተቀመጠ ስምንት ወሩ ነው። የላከው የጸጥታ ክፍል የሚጠራው «መቀስ» ብሎ ነው፤ አለቃውም ይኸው ወንዳፍራሽ። ጊዜው 1961 ዓ.ም. ነው፤ ሜዳው ላይ የመኪና እሽቅድምድም መሮጫ ሊሠራ ታስቧል። ባንኩ ግን ከጎጃም መንገድ ወደ ሜዳው የሚያስገባ መንገድ ካልተገኘ ሳንቲም አልለቅም አለ። መንገዱ የሚያልፈው በኦቦ ቀጄላ መሬት ላይ ነው፤ ቀጄላም እንቢ አሉ። ነገሩ ችሎት ደርሷል፤ ማስረጃቸውም የግብር ደረሰኝ ብቻ ነው።

«አምጣልኝ፤ እንዳይጠፋ ለዳኛው በእጄ አደርሰዋለሁ» ብሎ ነበር ወንዳፍራሽ። ውብአየሁም አምኖት ነበር። ባለፈው ማክሰኞ ግን ቡራዩ ላይ ከመሮጫው ባለቤቶች ጋር በአንድ ላንድሮቨር ሲሄድ አየው።

ያኔ ሊያታልለው ቆረጠ።

ፖስታው ውስጥ ያሉት ቀጄላ ድሮ የሸጡት መሬት ደረሰኞች ናቸው። ትክክለኞቹን ውብአየሁ ከቀጄላ ጋር ተማክሮ በበርኖሳቸው ገበር ውስጥ ሰፍቷቸዋል። «ለባለቤትዎም እንዳይነግሩ» ብሏቸዋል። ቀጄላ በርኖሱን ደርበው በማለዳው አውቶቡስ አዲስ አበባ ወርደዋል። ችሎቱ ስድስት ሰዓት ላይ ነው።

አራት ሰዓት ላይ ጥሩምባ ተነፋ። የቀጄላ ደረሰኝ ተሰርቋልና አውጫጭኝ ይቀመጥ ተባለ። ሌባው እስኪጠቆም ማንም ከሜዳው ንቅንቅ አይልም፤ ደንቡ ነው። ወንዳፍራሽ ላንድሮቨሩን ተደግፎ ቆሟል። የውብአየሁን ስም በሽማግሌዎቹ ጆሮ ያስነገረው እሱ ነው። ተንኮሉን የሚያውቅ አንድ ሰው ብቻ ቀርቶታል፤ እሱንም በገበሬ ዱላ ሊገላገለው ነው። እንዲህ ያለ ሰው ያስጠላል።

«ስምህ ተነስቷል» አሉ ሽማግሌው መገርሳ። «ዋቃ ይሰማሃል። ምን ትላለህ?»

እውነቱ ምላሱ ላይ ነበር። አንዲት ቃል ቢናገር ይድናል።

ላንድሮቨሩ ግን ቀጄላ ችሎት ሳይገቡ ይደርስባቸዋል።

ቢክድም ወንዳፍራሽ ጠርጥሮ ፖስታውን ደግሞ ያየዋል።

«እኔ ነኝ» አለ። «ሸጥኩት።»

የቀጄላ ሚስት ተረፈች ከሴቶቹ መሃል ወጣች። ስምንት ወር እርጎ ስትልክለት የኖረች ሴት ናት።

«ልጄ ብዬህ? ከማጀቴ በልተህ?»

ከዱላው በፊት የገደለው ይህ ነው።

ከዚያ ዱላው መጣ። የቀኝ እጁን ጣቶች ሰባበሩት። ፀሐይዋን እያየ ቻለ። አናቱ ላይ ስትደርስ ችሎቱ ተጀመረ ብሎ ራሱን ለቀቀ። ነገ ለፖሊስ እናስረክበዋለን ብለው ጎተራ ቤት ዘጉበት፤ የሣር ጣሪያውን በግራ እጁ ቦድሶ ጠፋ።

ከሦስት ወር በኋላ፣ ሰበታ።

ቀጄላ ረትተዋል። ባንኩ ገንዘቡን ከለከለ፣ መሮጫውም ቀረ። የጸጥታው ክፍል ግን «መቀስ»ን ማደኑን አልተወም። ውብአየሁ ባስጠለለችው በነጋዴዋ በሳሊሃ ጨው መደብር ጓዳ ውስጥ ሆኖ አንድ የሚያውቀው ድምፅ ሰማ።

«አካም ጂርታ፣ ሳሊሃ። አንድ ልብስ ሰፊ እፈልጋለሁ። እጁን የሰበርነው እኛ ነን። ተረፈች ይቅር ካላለኝ ብላ እህል አልቀምስ አለች።»

በመጋረጃው ቀዳዳ አየ። ቀጄላ ናቸው፣ ከስተዋል። ወጥቶ ጉልበታቸውን ሊስም ከጅሎት ነበር። ከመንገዱ ማዶ ግን የተወለወለ ጫማ ያደረገ ሰው ቀጄላን እየተከተለ ነው።

ሳሊሃ ወደ ጓዳ ዞራ አየችው። እንዳትናገር ራሱን በእምቢታ ነቀነቀ።

«አላየሁትም፣ ኦቦ።»

ቀጄላ ወደሚቀጥለው ሱቅ ሄዱ፤ ባለ ጫማውም ተከተላቸው። ሳሊሃ ሰበታ ላይ ባወጣችለት ስም ጠራችው።

«ኢቲቻ፣ ና ጨው ስፈር።»