በዓይን ጥግ

«ሪሃብ፣ አንቺ እንኳን ዓይንሽ ጤነኛ ነው፤ እስቲ ያንን አንብቢልኝ» አሉ እትዬ ራህማ፣ በዓይን ሐኪሙ መጠበቂያ ክፍል ግድግዳ ላይ የተለጠፈውን ማስታወቂያ እየጠቆሙ።

ሪሃብ አነበበችላቸው። «ዓይንሽ ጤነኛ ነው» የሚለው ግን ከነከናት።

ከአጠገቧ ልጃቸው ኣሚር ጃኬቱን እስከ አገጩ ዘግቶ ተቀምጧል። እሱና ሪሃብ ዞሰንሃይም በሚባለው ሰፈር አንድ ሕንፃ ላይ ነው ያደጉት። የትምህርት ቤቱ የሥነ ፈለክ ቡድን ውስጥ «ነይ እንጂ» እያለ ለምኖ ያስገባትም እሱ ነው። አሁን እሱ ራሱ ሊወጣ ነው። ለመምህራቸው ለሄር ብራንት ዛሬ ጠዋት ነግሯቸዋል።

«ቅዳሜ ከዚያ ኮረብታ ከተመለሰ ወዲህ ፊቱ ልክ አይደለም» አሉ እትዬ ራህማ። «ሁሉም አይተው እሱ ብቻ አላየም አሉ። አባቱን ዓይኑን ያመመው በዚሁ ዕድሜ ነው። እንቅልፍ የለኝም፤ የቀን ሥራ ሺክቴን ለሰው ሰጥቼ፣ ማታ ልገባ ተስማምቼ ነው ይህን የሐኪም ቀጠሮ፣ ቴርሚኑን ያገኘሁት።»

ሪሃብ ጫማዋን አየች።

ቅዳሜ ከከተማው መብራት ሸሽተው ታውኑስ ኮረብታ ላይ ወጥተው ነበር። የሄር ብራንት ቴሌስኮፕ መስታወቱ የመኪና ጎማ ያህላል፤ ለማየት መሰላል ይወጣል። የፈለጉት ጋላክሲ እጅግ ደብዛዛ ነው። ትኩር ካሉበት ይጠፋል፤ በዓይን ጥግ ሰረቅ ሲያደርጉት ነው እንደ ብርድ ትንፋሽ ብቅ የሚለው። ደንባቸው ደግሞ መሰላሉ ላይ ያለ ሰው ያየውን ጮክ ብሎ እንዲናገር ነው። «ካላያችሁ አላየሁም በሉ፤ እሱም ውጤት ነው» ይላሉ ሄር ብራንት ሁልጊዜ።

መጀመሪያ የወጣችው ሪሃብ ናት። ጥቁር። ከጥቁር በቀር ምንም የለም። ጣቶቿ ደንዝዘዋል፤ ከታች ልጆቹ እግራቸውን እያማቱ ተራ ይጠብቃሉ።

«አየሁት» አለች። «ሞላላ ነገር።»

ሞላላ መሆኑን ቀድማ ስልኳ ላይ ፎቶውን አይታ ነበር። ከእሷ በኋላ የወጣው ሁሉ «አዎ፣ ሞላላ» እያለ ወረደ። ኣሚር ብቻ መሰላሉ ላይ ቆየ፣ ቆየ፣ ከዚያ «ምንም አይታየኝም» አለ። ሶሊ ከታች ሆና «አልተር፣ አንተ ሰውዬ፣ መነጽር ግዛ» ስትለው ሁሉም ሳቁ። ሪሃብም ሳቀች። ከውሸቱ ይልቅ የሚያንገበግባት ይኼ ሳቅ ነው።

«ጠብታ ሲጨምሩብኝ ለሰዓታት ብዥ ይልብኛል አሉ» አለ ኣሚር ቀስ ብሎ። «እማዬ ከዚህ ወደ ሥራ ነው የምትሄደው። ቤት ታደርሺኛለሽ አይደል?»

«አደርስሃለሁ።»

«አንቺ ግን ጎበዝ ነሽ። እንደወጣሽ አገኘሽው። እኔ ዓመቱን ሙሉ ሳነብ ከርሜ…» አልጨረሰውም።

ቢሰድባት ይሻላት ነበር።

ስልኳን አውጥታ የቡድኑ ቻት ላይ ጻፈች፤ አጠፋች፤ እንደገና ጻፈች። ሶሊ መሳለቂያ ታደርጋታለች፣ ይኼ አይቀርም። በሩ ተከፈተና የሐኪሙ ረዳት የኣሚርን ስም ጠራች። እናትና ልጅ ብድግ አሉ።

«ኣሚር፣ ቆይ። ቅዳሜ እኔም ምንም አላየሁም። ፎቶውን ስልክ ላይ አይቼ ነው ሞላላ ያልኩት።»

ኣሚር ወደ እሷ ዞረ።

«ታዲያ ለምን ሳቅሽ?»

«ይቅርታ» አለች። «እትዬ ራህማ፣ እርስዎም ይቅርታ ያድርጉልኝ።»

«ከመጣን አይቀር ዓይኑ ይታይ» አሉ እትዬ ራህማ። ድምፃቸው ቀዝቅዟል። «ና ልጄ።»

በሩ ተዘጋ። ሪሃብ ስልኳን አነሳችና የጻፈችውን ላከችው፤ «ቅዳሜ ምንም አላየሁም። ዋሽቻለሁ።» ስልኩ ወዲያው ነዘረ። የመጀመሪያው የሶሊ ነበር። «እኔም» ይላል።

የቀረውን አላነበበችም። ስልኩን ኪሷ ከትታ ተነሣች፤ ኣሚር ዓይኑ ብዥ ብሎበት ሲወጣ እንዳይፈልጋት፣ በሩ ፊት ለፊት ያለው ወንበር ላይ ሄዳ ተቀመጠች።