ሉልሰገድ ያልቀመሰው አይብ

ሉልሰገድ ሐሙስ ከቀትር በኋላ ፒያሳ ባለው ምግብ ቤቱ፣ አራት ሳህንና አንድ የፖርቱጋል ወይን ጠርሙስ ፊቱ እንደተደረደረ ሞቶ ተገኘ። አረፋ የሚያወጣው ነጭ ወይን ከየትኛው ምግብ ጋር እንደሚስማማ ሊለይ ነበር የተቀመጠው። አይቡ ላይ መርዝ ተገኘ። አይቡን የሠራችው ደግሞ ወጥ ቤቷ ሀኒፋ ናት።

እህቱ ዓለምጸሃይ ከዚህ በላይ መስማት አልፈለገችም። ሀኒፋ ለቅሶ ልትደርስ ስትመጣ «ወንድሜን በልተሽ ደግሞ ልታለቅሺለት መጣሽ?» ብላ ከድንኳኑ በር በሰው ፊት አባረረቻት።

እሑድ ዕለት ኢንስፔክተር ካላዩ ሁሉንም ምግብ ቤቱ ውስጥ ሰበሰባቸው።

«ዛሬ ከዚህ ቤት አንድ ሰው በካቴና ይወጣል» አለ። ወደ ሟቹ ሸሪክ ወደ ገብረዮሐንስ ዞረ። «እስቲ እንደገና ይንገሩኝ።»

«ስንቴ ልናገር? አይቡን ሁለቴ ጎረሰ፤ ደረቱን ይዞ ወደቀ።»

«ወይኑንስ?»

«ከፍቼ አጠገቡ አኖርኩለት። ከንፈሩ አልነካውም። ብርጭቆውን ራስህ አይተኸዋል፤ ደረቅ ነው።»

«አይቻለሁ። እንዲያውም ያብረቀርቃል።»

አስተናጋጇ ማክዳ አንገቷን ደፍታለች። «እኔ ሎሚ ልገዛ ወጥቼ ነበር። ስመለስ ወድቋል።»

«ምን ያነታርካችኋል!» ዓለምጸሃይ ጠረጴዛውን መታች። «ገዳይዋ እዚህ ቆማለች! ለምን አትወስዷትም?»

«ይውሰዱኝ» አለች ሀኒፋ። «ልጆቼን ግን ማን ያሳድግልኛል?»

ካላዩ ዓለምጸሃይን አያት። «እኔ ካየሁት በኋላ ሆስፒታሉ ከልብሱ ጋር የሰጠዎትን ማስታወሻ ደብተር ይዘዋል?»

ይዛለች፤ ለመግለጥ ግን አንጀቷ አልቻለም ነበር። አሁን ገልጣ የወንድሟን የእጅ ጽሑፍ አነበበች፦ «ድንች ጥብስ፦ ጨው ሲበዛበት ወይኑ ይጣፍጣል። የምስር ሳምቡሳ፦ አረፋው ዘይቱን ከምላስ ያጥባል። ዓሣና አይብ፦ ማክሰኞ።»

«ለምን ማክሰኞ?» አለ ካላዩ።

ቀስ ብላ የተናገረችው ሀኒፋ ናት።

«ሰባት ቀን በዘይት የተሠራ ብቻ ስጪኝ፣ ለማንም አትንገሪ ብሎኝ ነበር። አልተናገርኩም።»

ዓለምጸሃይ ትዝ አላት። ባለፈው ማክሰኞ ያቀረበችለትን ቅቤ ያለበት ወጥ «ሆዴን አሞኛል» ብሎ ሲገፋው ተቀይማው ነበር።

«ቀኖና!» አለች። «ንስሐ ገብቶ እየጾመ ነበር!»

«ስለዚህ አይቡን አልቀመሰም» አለ ካላዩ። «ጋሽ ገብረዮሐንስ ግን ሲጎርስ አየሁ አሉ። አልጠጣም ያሉት ሰው ደግሞ ጠጥቷል። ካልጠጣ አረፋው ዘይቱን እንደሚያጥብ በምን አወቀ? ጠርሙሱም አንድ ብርጭቆ ያህል ጎድሏል። እንግዲህ ብርጭቆውን ያጠበ ሰው አለ። ሀኒፋ የመጠጥ ዕቃ እንደማትነካ ተስማምታ ነው የተቀጠረችው። ማክዳ ሎሚ ሻጩ ዘንድ ነበረች፤ እሱም መስክሯል። የቀሩት እርስዎ ነዎት። መርዙን ብርጭቆው ውስጥ ጨመሩ፤ ሲወድቅ አጠቡት፤ የተረፈውን ሀኒፋ በሠራችው አይብ ላይ ነሰነሱ።»

«ለምን ብዬ?»

«የመጨረሻውን መስመር ያንብቡት» አለ ካላዩ ወደ ዓለምጸሃይ ዞሮ።

ዓለምጸሃይ አነበበች፦ «ይህን ጠርሙስ አስመጪው ራሱ ላከልኝ። ገብረዮሐንስ በዚሁ ስም ሲያቀርብልን የከረመው ሌላ ወይን ነው። ትናንት ስነግረው ፊቱ ተለወጠ። ለአስመጪው እናገራለሁ።»

ገብረዮሐንስ ጮኸ። «ሀገር ሁሉ እየጠጣ ያመሰገነውን! እሱ ብቻ አዋቂ ሆኖ ሊያዋርደኝ!»

«ጠርሙስ ላይ ለለጠፍከው ወረቀት ነው ወንድሜን የገደልከው?» ዓለምጸሃይ ተወረወረችበት። ካላዩ በመሃል ገባ፤ ካቴናውን አጠለቀለት።

ሰውየው ከወጣ በኋላም ንዴቷ አልበረደም፤ ግን የምትወረውርበት ሰው አጣች። ወደ ሀኒፋ ዞረች።

«ሀኒፋዬ፣ ድንኳኑ ገና አልፈረሰም። ነይ እንሂድ።»

«ስምንት ዓመት ያበላሁትን ሰው እንዳላለቅስ ከለከሉኝ፣ እትዬ» አለች ሀኒፋ፤ ነጠላዋን ከትከሻዋ ላይ እያስተካከለች። «በሰው ፊት ነው ያባረሩኝ። በሰው ፊት መጥተው ይጥሩኝ።»