ያላቆመው ጨረር

ጡረተኛው አናጢ የሳንባ ዕጢውን በጨረር ታክሞ በጨረሰ በሁለተኛው ወር ሞተ። የገደለው ግን ዕጢው አልነበረም፤ አስከሬኑ ሲመረመር ልቡ በጨረር ተጎድቶ ተገኘ። ጣት ሁሉ ማሽኑን ወደምታሠራው ቴክኒሻን ተቀሰረ። ምስኪን፣ የሥራ ፈቃዷ ሊነጠቅ፣ እሷም ልትታሰር ነው።

ባልደረቦቿ «እንቅልፍ ነሺ» የሚሏት መርማሪ ሕክምና ክፍሉ እንደገባች ሳትጠየቅ አልጋው ላይ ተጋደመች።

«ማሽኑ ዕጢውን እንዴት ይከተለዋል?»

«ሰው ሲተነፍስ ዕጢውም ይንቀሳቀሳል» አለች ቴክኒሻኗ። «ከብዙ ሺህ ምስሎች የተማረ ሰው ሠራሽ አስተውሎት በየቅጽበቱ ያየዋል። ዕጢው ከተፈቀደለት ወሰን ሲወጣ ጨረሩን ያቆማል።»

«ወሰኑን ማን ይለውጣል?»

«የጋራ የይለፍ ቃሉን የሚያውቁት ዶክተሯና የፊዚክስ ባለሙያው ብቻ ናቸው።»

«በመጨረሻዎቹ ቀናት አንዴም አላቆመም። አልገረመሽም?»

«ፕሮግራሙ እየበሰለ ነው ብዬ ደስ አለኝ» ብላ አለቀሰች።

ዶክተሯ በሕክምናው ሰሞን ውጭ አገር ስብሰባ ላይ ነበርኩ አለች። የፊዚክስ ባለሙያው ትከሻውን ሰበቀ። «እኔ ቢሮዬ ነው የምውለው፤ ሰውየውን አይቼው፣ ስለሱም ሰምቼ አላውቅም። ግን ያሳዝናል፣ እንደዚያ እየሳሉ በጀርባ መተኛት ስቃይ ነው።»

የሟች ልጅ መሐረቧን እየጠመዘዘች ተናገረች። «አባዬ ሳይስል አንድ ቃል አይጨርስም ነበር። መጀመሪያ ሕክምናው አርባ ደቂቃ ይፈጅበት ነበር፤ ከሦስተኛው ቀን ወዲህ ግን በአሥር ደቂቃ ይወጣ ነበር።»

በማግስቱ መርማሪዋ አራቱንም ሰበሰበች።

«በመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት ጨረሩ በእያንዳንዱ ሳል ቆሟል። ከዚያ በኋላ ሳሉ አልዳነም፣ ጨረሩ ግን መቆሙን ተወ። መዝገቡን አየሁ፤ ሦስት ሚሊሜትር የነበረው ወሰን ሃያ ሆኗል። ማሽኑ ዕጢው ሲሸሽ አይቷል፤ ‹ይሁን› ስለተባለ ግን ዝም ብሎ ልቡን መታ። ዶክተሯ አልነበሩም፣ ማሽኑም ከዚህ ግቢ ውጭ አይከፈትም። የቀሩት እርስዎ ነዎት። ስለሰውየው ካልሰሙ፣ ሳሉን ማን ነገረዎት?» አለች ወደ ፊዚክስ ባለሙያው ዞራ።

«እኔ ነኝ የለወጥኩት» አለ ባለሙያው።

ቴክኒሻኗ እፎይ አለች። ዶክተሯ ግን «ይብቃን፣ ዓሣ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል» አለች።

«ሳሉን ነግሮ ማን ለመነዎት?» አለች መርማሪዋ ባለሙያውን።

«ማንም። ጥፋቱ የኔ ነው።»

የሟች ልጅ ተነሣች።

«እኔ ነኝ። አባዬ ተሰቃየብኝ፣ እባክዎ ቶሎ ይውጣልኝ አልኳቸው። አደጋ እንዳለው አልነገሩኝም» አለች። «እስኪጨርስ ድረስ በየቀኑ ቢሯቸው እየሄድኩ ስመርቃቸው ነበር።»