ልጓሙን የያዘው እጅ

እማማ ደብሪቱ ሲነጋጋ ሞተው ተገኙ። የኦክስጅኑ ማስክ እሳቸው ፊት ላይ አልነበረም፤ አጠገባቸው ሳንባዋን ታማ የተኛችው ስሜነሽ ፊት ላይ ነበር።

ወሬው የዳንግላን ጋሪ ሁሉ ቀጥ አድርጎ አቆመ፤ ፈረሶቹ ሳይቀሩ አንገታቸውን ደፉ ቢባል ማጋነን አይደለም። ሟቿ የሆስፒታሉ ሥራ አስኪያጅ የአቶ ክንዴ እናት ናቸዋ። ክንዴም ተራ አለቃ አይደለም፤ የአመራር ሥልጠና ምስክር ወረቀቱ ቢነጠፍ ከዳንግላ እንጅባራ ይደርሳል። ያን ሁሉ ትምህርት ጨምቆ ያወጣት ቃል በየክፍሉ ግድግዳ ተለጥፋለች፦ «ሆስፒታል ጋሪ ነው፤ ልጓሙን የሚይዘው አንድ እጅ ነው።» ያለ እሱ ቃል ዕቃ ካልጋ አልጋ አይንቀሳቀስም።

ኢንስፔክተር እታለማሁ መጣች። ጫግኒ ላይ የተዋሸውን ዳንግላ ሆና የምታሸት ሴት ናት።

«ገዳይዋ ይቺው ናት» አለ ክንዴ ነርሷን ሃናን እየጠቆመ። «ማታ ኦክስጅኑን ላዛውር ስትል ከለከልኳት። እናቴን ገደለቻት፤ ወህኒ ትወርዳለች።»

«አልነካሁትም» አለች ሃና። «ያለን አንድ ሲሊንደር ነው፤ ሌሎቹ ሊሞሉ ባሕር ዳር ሄደዋል። ስሜነሽ ሲብስባት ተራ በተራ እንስጣቸው ብዬ ለመንኩ።»

«የት ቆማችሁ?» አለች እታለማሁ።

«እዚሁ፣ በሁለቱ አልጋ መሀል።»

«እማማ ተኝተው ነበር?»

«ነቅተው ያዩን ነበር። አቶ ክንዴ ግን ‹አስብበታለሁ፤ ቃሌ ሳይደርስሽ ንክች እንዳታደርጊ› ብለው ወጡ። ደጋግሜ ደወልኩ፤ አላነሱም። ኋላ ማዋለጃ ክፍል ተጠራሁ። ስመለስ እማማ አልፈዋል።»

እታለማሁ እንግዳው ወደሚባለው የስሜነሽ ባል ዞረች። «አንተስ? ለሚስትህ ብለህ አልነቀልክም?»

«እኔ እመቤቴ፣ በሬ እሸጣለሁ እንጂ የሰው እስትንፋስ አልሰርቅም። ደግሞስ ዘበኛው መች አስገባኝ? የዝናቡ ዘር በሙሉ እላዬ ላይ ነው ያደረው።» ጋቢው እውነትም ገና ያንጠባጥብ ነበር።

መርማሪዋ አስከሬኑ ላይ ጎንበስ አለች። ከንፈራቸው ላይ የጥቁር ክር ብጣሽ ተጣብቋል። አንገታቸው ባዶ ነው፤ የማተብ ምልክት ብቻ ቀርቷል። ከዚያ የስሜነሽን ማስክ አየች፤ ላስቲኩ ተበጥሶ በጥቁር ክር ታስሯል። ሁሉንም በሁለቱ አልጋ መሀል አቆመቻቸው።

«አቶ ክንዴ፣ ከረባትዎን ይፍቱልኝ።»

ግራ ገብቶት ፈታ። ከሸሚዙ ሥር ከሦስት ክር የተገመደ ማተብ ብቅ አለ።

«ማን አሰረልዎ?»

«እናቴ። ለሥልጠና ስሄድ።»

«ቋጠሮው ሁለቴ የተጠለፈ ነው። እስቲ ይሄኛውን ይዩት።»

ክንዴ የስሜነሽን ማስክ አየ። ያው ሁለቴ የተጠለፈ ቋጠሮ ነው፤ ፊቱ አመድ መሰለ።

«ስሜነሽ የራሷ ማተብ አንገቷ ላይ አለ» አለች እታለማሁ። «ይሄ ሁለተኛ ነው፤ እማማ ደግሞ የላቸውም። የሰው ማተብ ሌባ እንኳ ፈርቶ አይበጥስም። ሃና ብትሆን ኪሷ ሙሉ ፕላስተር ነው፤ መቀስም አላት። ይሄ በጥርስ ነው የተበጠሰው። ማስኩን ሲያወልቁት ላስቲኩ ተበጠሰባቸው። ቱቦው እስከዚህ አልጋ ይደርሳል። በዚያ ትንፋሽ ተነሥተው፣ ማተባቸውን በጥሰው አሰሩላት። ቋጠሮውንም አልሳቱም።»

«ለምን?» አለ ክንዴ። ልጅ ሲጠይቅ እንደሚጠይቀው ነው የጠየቀው።

«ሰምተውዎታል። ሃና ብትነካ እንጀራዋን ታጣለች። እሳቸው ግን የእርስዎ ሠራተኛ አይደሉም። ልጃቸው የቸገረውን ቃል እሳቸው ሰጡለት።»

ክንዴ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠ፤ የእናቱን ቀዝቃዛ እግር ያዘ።

ስሜነሽ ስትስል ማስኩ ተንሸራተተ። ሃና እጇን ዘረጋች። እጇ ግማሽ መንገድ ላይ ቆመባትና አለቃዋን አየች፤ ቃሉን ጠበቀች።

«አትጠይቂኝ» አለ ክንዴ ሳይዞር። «እባክሽ ሃና፣ ከእንግዲህ አትጠይቂኝ።»

እጇ ግን ማስኩ ጋ ለመድረስ ቆየ። መጠበቅ ለምዶ ነበር።