ከአሸዋው ሥር ያለው ቆፋሪ

ከዋሸሁ ዓይኔን ግንባር ያድርገው። ፍሬዘር ራሱ፣ ቀና ብሎ ሊያየኝ እያፈረ፣ የነገረኝ ነው።

ጅማ፣ ቦሳ አዲስ ሰፈር። ባለፈው ቅዳሜ፣ ከቀኑ ስድስት ሰዓት። ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድበዋል...

የነፍሬዘር ጎረቤት እትዬ የኔነሽ አርፈዋል፤ ቀብራቸው ዘጠኝ ሰዓት ነው። እናቱ ሥራ ስትውል ፍሬዘርን አጉርሰው ያሳደጉት እሳቸው ናቸው። የእድሩ ወጣቶች በማለዳ ወጥተው መቃብር እየቆፈሩ ነው።

አስተባባሪያቸው እሱባለው ደወለለት።

«የት ነህ? ሰው አንሶናል እኮ።»

«አጋሮ ነኝ ባክህ... መኪና አጣሁ።»

አጋሮ! ሶፋ ላይ ተጋድሞ ቴሌቪዥኑ ላይ ጌም እየተጫወተ! ጭቃውን ጠልቶ ነው እንጂ ሌላ ምክንያት የለውም። ምን ዓይነት ልብ ነው በሉኝ።

ጌሙ በረሃ ውስጥ ነው። ጀግናው ሰይፉን ይዞ፣ በአሸዋ የተቀበረ ጥንታዊ ግንብ ውስጥ ከክፍል ክፍል እየወረደ ሀብት ይፈልጋል። ፍሬዘር የመጨረሻው ክፍል ደርሷል።

ጀግናው ድንገት ቆመ።

ፍሬዘር ቁልፉን ተጫነ... ንቅንቅ የለም። ደግሞ ተጫነ።

ጀግናው ሰይፉን አስቀመጠ። ግድግዳው ላይ የተደገፈ አካፋ አነሳ። መቆፈር ጀመረ።

«ኧረ ይሄ ነገር ምን ሆነ?»

አሸዋው እየቀላ መጣ። ቀጥሎ ረጠበ... በረሃ ውስጥ ጭቃ!

ተጠግቶ አየ። ጀግናው የለበሰው የሱን ጃኬት ነው። ክርኑ ላይ እናቱ የጣፈችው ሰማያዊ ጨርቅ ሳይቀር።

ከቴሌቪዥኑ ውስጥ የእሱባለው ድምፅ መጣ።

«ጀባዱ ፍሬዘር... በርታ ወንድሜ። ትንሽ ነው የቀረው።»

ምን ያህል እንደፈዘዘ አያውቅም። ሲነቃ መጫወቻውን ወርውሮ በነጠላ ጫማ ሮጠ። ቤተ ክርስቲያን ሲደርስ ቀብሩ አልቆ ሰው እየተበተነ ነው።

እሱባለው መጥቶ አቀፈው።

«አኮራኸን! እኛ ዝናቡን ስንሸሽ አንተ ብቻህን ጉድጓድ ውስጥ ቀረህ። አጋሮ ነኝ ስትለኝማ እንዴት ተናድጄብህ ነበር!»

«እኔ እኮ...» አለ ፍሬዘር።

የሟች ልጅ ናዝራዊት መጣች። ዓይኗ በለቅሶ አብጧል።

«እማዬ እስከ መጨረሻው ልጄ እንዳለችህ ነው የሞተችው። አላሳፈርካትም።»

እጁን ልትስም ጎንበስ አለች። ፍሬዘር ንጹህ እጆቹን ቶሎ ብሎ ኪሱ ከተተ። አልነበርኩም ሊል አፉን ከፈተ... መልሶ ዘጋው። እፍረቱ ጆሮው ድረስ አቃጠለው። መሬት ተከፍታ ብትውጠው በወደደ ነበር።

ቤት ሲመለስ ሰፈሩ በሙሉ መብራት ጠፍቷል።

ቴሌቪዥኑ ግን በርቷል...

ጀግናው ጉድጓዱ አፍ ላይ ተቀምጧል። እስከ ክርኑ ቀይ ጭቃ ነው። ቀስ ብሎ ወደ ፍሬዘር ዞረ።

«ነገርካቸው?» አለው በሹክሹክታ።

ፍሬዘር አንገቱን ደፋ።

ሰውየው ተነሳ። አካፋውን ይዞ ከጉድጓዱ ጎን ቆመ...

ፍሬዘርን ከራሱ እስከ እግሩ በዓይኑ ለካና ሌላ ጉድጓድ መቆፈር ጀመረ።